ላቲንም ግሪክኛም ያልተማረች ልጅ ክላሲክስና የጥንት ታሪክ በዩኒቨርሲቲ ማጥናት ትችላለች?

የሰሜን ለንደን አባት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ ላይ እስካሁን ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም፤ አሁን ግን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ምክር የሚያሻው ጉዳይ ገጠመኝ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ እዚህ ለንደን በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለኤ ሌቨል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ታሪክ፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና ሒሳብ ትማራለች። እኔና እናቷ ሕግ ወይም ፋርማሲ ትመርጣለች ብለን በልባችን ወስነን ሳለ፣ ባለፈው ወር እራት ላይ እንደ ተቀመጥን «እኔ የማጠናው ክላሲክስ ነው፤ ካልሆነም የጥንት ታሪክ» አለችን። እናቷ የሙዚቃ ትምህርት መስሏት ደነገጠች። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሷ የተሻለ አላውቅም ነበር፤ ልጅቱ ሥቃ ስታበቃ ነው የጥንት ግሪክና የሮም ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና መሆኑን ያስረዳችን።

ፍላጎቷን መቃወም አልሻም፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ግራ አጋብቶኛል። አንደኛ፣ የዩኒቨርሲቲዎቹን ገጾች ስናገላብጥ አንዱ «ክላሲክስ»፣ ሌላው «ክላሲካል ስተዲስ»፣ ሌላው «የጥንት ታሪክ»፣ ሌላው ደግሞ «የጥንት ታሪክና አርኪዮሎጂ» ይላል፤ ልዩነቱ የስም ብቻ ይሁን የይዘት አልገባንም። ሁለተኛ፣ የእሷ ትምህርት ቤት ላቲንም ሆነ የጥንት ግሪክኛ አያስተምርም፤ እነዚህን ቋንቋዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚማሩት ብዙ ገንዘብ በሚከፈልበት ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆች ናቸው ሲባል እሰማለሁና ከእነሱ ጋር ተወዳድራ መግባት ትችላለች ወይ? ሦስተኛውን ሳልጽፈውም ታውቁታላችሁ፤ ተምራ ስትጨርስ ምን ትሠራለች?

ዘአዱሊስ

ወንድሜ፣ የእርስዎ እራት እኛ ቤት የነበረውን እራት አስታወሰኝ፤ የእኔ አባት ግን እንደ እርስዎ ሰው አልጠየቁም፣ ሁለት ሳምንት ዝም አሉኝ። ከአሥር ዓመት በፊት እዚሁ ለንደን የጥንት ታሪክ አጥንቼ ተመርቄአለሁና የማውቀውን ልጻፍልዎ።

የስሙ ብዛት ያደናግራል፤ ልጅዎ ግን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብትፈልግ ይበቃታል፤ ይኸውም የጥንቱን ጽሑፍ የምታነበው በገዛ ቋንቋው ነው ወይስ በትርጉም የሚለው ነው። ክላሲክስ ከተባለ ማዕከሉ ቋንቋው ነው፤ ተማሪው ሆሜርን በግሪክኛ፣ ቨርጂልን በላቲን እያነበበ ፍልስፍናውን፣ ታሪኩንና ሥነ ጥበቡን በዚያ ዙሪያ ይገነባል። የጥንት ታሪክ ሰነዶቹን በእንግሊዝኛ ትርጉም ማንበብን ይፈቅዳል፤ ቋንቋው በብዙ ቦታ በውዴታ የሚወሰድ ሲሆን የትምህርቱ ክብደት ማስረጃን በማመዛዘን ላይ ነው። ክላሲካል ስተዲስ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ድርሰቱንና ተውኔቱን በአብዛኛው በትርጉም የሚያስተምር ነው። አርኪዮሎጂ የተጨመረበት ደግሞ ከመጻሕፍቱ ጋር ሸክላና አፈርም አለበት።

ላቲን አለመማሯ በር አይዘጋባትም። የኦክስፎርድ ክላሲክስ አራት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ ቋንቋዎቹን በትምህርት ቤት ከተማሩት ሌላ ከዜሮ ለሚጀምሩ የተለየ መንገድ አለው። ካምብሪጅም እንዲሁ ላቲን ይዘው ለሚመጡት የሦስት ዓመት፣ ለማያውቁት ደግሞ አንድ የመሠረት ዓመት የተጨመረበት የአራት ዓመት ትምህርት ይሰጣል። ለንደን ውስጥ በዩሲኤልና በኪንግስ ኮሌጅ የጥንት ታሪክ በሦስት ዓመት ያልቃል፤ ስኮትላንድ ብትሄድ ኤድንብራና ሴንት አንድሩስ ላይ አራት ዓመት ነው። በእነዚህ ሁሉ ከፊደል ቆጠራ ጀምረው የሚያስተምሩ የጀማሪ ክፍሎች አሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በዚህ በኩል የሚረዳ ክላሲክስ ፎር ኦል የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅትም ስላለ፣ መምህሮቿ ያውቁት እንደሆነ ትጠይቅ።

በሩ ክፍት ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። እኔ ግሪክኛ የጀመርኩት በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ሌሊት አውቶቡስ ላይ የግሥ ሠንጠረዥ ይዤ እያንቀላፋሁ ተምሬው የገና ፈተና ላይ ወደቅሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስፈተን ነው ያለፍኩት።

ትምህርቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ከማብራራት አንድ ቀን የሆነውን መንገር ይቀለኛል። ስምንት ተማሪዎች ጠረጴዛ ከብበን ተቀምጠን፣ በእጃችን ያለው አረንጓዴ ሽፋን ያለው የሎብ እትም ነው፤ በግራው ገጽ ግሪክኛው፣ በቀኙ የእንግሊዝኛው ትርጉም ይታተማል፤ የላቲኖቹ ደግሞ ቀይ ሽፋን አላቸው። የዕለቱ ንባብ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 አቴናን የመታውን ወረርሽኝ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዳይደስ የጻፈበት ክፍል ነበር። ቱሲዳይደስ ራሱ ታሞ የዳነ ሰው ስለሆነ ምልክቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ከዚያ በፊት ግን በሽታው «እንደሚባለው ከግብፅ በላይ ካለችው ኢትዮጵያ ተነሣ» ይላል። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። አስተማሪያችን ፈገግ ብላ «የትኛዋ ኢትዮጵያ?» ስትለኝ አፌን ከፍቼ መልስ አጣሁ።

ያን ሳምንት የጻፍኩት ድርሰት በዚህ ጥያቄ ላይ ሆነ። ለሆሜር ኢትዮጵያውያን በምድር ዳርቻ የሚኖሩ፣ አማልክቱ ግብዣቸው ላይ የሚገኙላቸው ሕዝቦች ናቸው። ከእሱ በኋላ ለመጡት ለእነ ሄሮዶቱስ ስሙ በይበልጥ የሚያመለክተው ከግብፅ በስተደቡብ፣ በሜሮዌ በኩል ያለውን የኩሽ አገር ነው። ከቱሲዳይደስ ሰባት መቶ ዓመት አልፎ አክሱም ላይ ንጉሥ ኢዛና ድሉን በድንጋይ ሲያስቀርጽ በግእዝም በግሪክኛም አስቀረጸ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነቡ፣ ግእዙ ንጉሡ የሚገዛቸውን ሲዘረዝር «ሐበሠት» (ሐበሻ) ያለበት ቦታ ላይ ግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ይላል፤ ካሱ ማለትም ኩሽ ግን ለብቻው በዝርዝሩ መጨረሻ ተቀምጧል። ግሪኮች ለኩሽ ምድር ይሰጡት የነበረው ስም ወደ እኛ ሲሻገር በድንጋዩ ላይ ይታያል። በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ እኔም የወደቅሁበትን ግሪክኛ እንደገና የያዝኩት ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው።

ሁሉም ነገር እንዲህ ወደ አገር ቤት ይመለሳል ብላ እንዳትጠብቅ። አብዛኛው የአቴና ፍርድ ቤት፣ የሮም ግብር፣ የግብፅ ፓፒረስ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ከሐድሪያን ግንብ አጠገብ ቪንዶላንዳ በሚባል የሮም ጦር ሰፈር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጭቃ የወጡ ስስ የእንጨት ደብዳቤዎች አሉ፤ አንደኛው ክላውዲያ ሴቬራ የተባለች የአንድ አዛዥ ሚስት ወዳጇን ሱልፒኪያ ሌፒዲናን ለልደቷ የጠራችበት ነው። ዋናውን ቃል ጸሐፊ ጽፎት መጨረሻ ላይ ሴትየዋ በራሷ እጅ «እጠብቅሻለሁ፣ እኅቴ» ብላ ጨምራበታለች፤ በሴት እጅ ከተጻፉ የላቲን ጽሑፎች እስካሁን ከሚታወቁት ቀደምቶቹ አንዱ ነው። የግብዣው ቀን ሴፕቴምበር 11 ነው፤ የእኛው እንቁጣጣሽ መሆኑ ነው! ልጅዎ እንዲህ ያለው ነገር ደስ ካሰኛት ትምህርቱ የእሷ ነው።

ሒሳብ ያዥ

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዘው፤ ሙያዬ ቁጥር ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ክፍያው። በእንግሊዝ ለአገሬው ነዋሪ የዓመቱ ክፍያ በ2025/26 የትምህርት ዘመን 9,535 ፓውንድ ነው። ይህ ገንዘብ ከእርስዎ ኪስ አይወጣም፤ መንግሥት ያበድራትና ተመርቃ ስትሠራ ትከፍላለች። አሁን ባለው ሥርዓት የምትከፍለው በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ከምታገኘው ላይ ዘጠኝ በመቶ ነው። ለምሳሌ ደመወዟ 30,000 ቢሆን ከ5,000ው ላይ ዘጠኝ በመቶ፣ ማለትም በዓመት 450 ፓውንድ ይቆረጥባታል፤ በወር 37 ተኩል መሆኑ ነው። ሥራ ብታጣ አትጠየቅም፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ያላለቀውም ይሰረዛል። ስለዚህ አበሾች በየቡና ጠረጴዛው «ልጅህን ዕዳ ውስጥ ከተትካት» የሚሉትን ወሬ እንደ ባንክ ብድር አይመልከቱት። የአገሬው ክፍያና ብድሩ የሚመለከታት መሆኑ ግን በመኖሪያ ፈቃዷ ዓይነትና እዚህ በኖረችበት ዘመን ላይ ስለሚወሰን፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ሥራው። ይህ ዲግሪ እንደ ፋርማሲ በሩ ላይ የሥራ ስም የተጻፈበት አይደለም፤ ይህን ማድበስበስ አልወድም። ፋርማሲስት መሆን የሚፈልግ ፋርማሲ መማር አለበት። ሕግ ግን እንደዚያ አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ ሶሊሲተር ለመሆን የሕግ ዲግሪ ግዴታ አይደለም፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሥርዓት በማንኛውም ትምህርት ዲግሪ ያለው ሰው ኤስ ኪው ኢ የተባለውን ሁለት ደረጃ ያለው ፈተና አልፎና ሁለት ዓመት በሥራ ላይ ተለማምዶ ጠበቃ ይሆናል። እርስዎና ባለቤትዎ ያሰባችሁት ሕግ እንግዲህ አልተዘጋም፤ መንገዱ ዞሮ ይገባል እንጂ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የሒሳብ ምርመራ ድርጅቶችም የየትኛውም ትምህርት ምሩቅን ይወስዳሉ። እኔ ባለሁበት ክፍል ውስጥ አንዲት የክላሲክስ ምሩቅ አለች፤ ሦስት የተለያዩ ሰነዶች አንዱን ግብይት በሦስት መልክ ሲያወሩ የትኛው እንደሚታመን ለይታ ስታወጣ ከሁላችንም ትፈጥናለች። ላቲን ማስተማርም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሙዚየም ውስጥ መቀጠር ግን ፈላጊው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት፣ ደመወዙም ስስ ነው፤ ልጅቷ በዚያ ብቻ ተስፋ አድርጋ ከሆነ ቀድማ ትወቀው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ያለሁት አሜሪካ ስለሆነ ሥርዓቱ ይለያል፤ እዚህ ተማሪው ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል የተለያየ ትምህርት ከቀመሰ በኋላ ነው ዋና ትምህርቱን የሚመርጠው፤ ስለዚህ ክላሲክስን ከኮምፒውተር ሳይንስ ጋር አጣምሮ የሚይዝ ልጅም ይገኛል። ነገር ግን ሌሎቹ ያላነሡትን አንድ ነገር ላንሣ። ይህ ትምህርት ለረጅም ዘመን የአውሮፓ ባለጸጎች ልጆች የሚለዩበት ማኅተም ሆኖ ኖሯል፤ ግሪክና ሮም የነጮች ብቻ ርስት እንደሆኑ አድርጎ የማስተማር ጠባይም ነበረው። ልጅቷ በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ጥቁር ልትሆን ትችላለች፤ ወላጆቿ ይህን አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው።

ነገሩ እየተለወጠም ነው፤ ለውጡ ግን ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የክላሲክስ ተማሪዎቹ ግሪክኛ ወይም ላቲን እንዲያውቁ ያስገድድ የነበረውን ደንብ አነሣ። በዚያው ዓመት እዚሁ ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የክላሲክስ ትምህርት ክፍሉን ዘጋው፤ በጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የቀረው ብቸኛው ክፍል እሱ ነበር። ጥቁሮች በግሪክና በሮም ዓለም የነበራቸውን ስፍራ ከሥዕሉም ከጽሑፉም አሰባስቦ ያጠናው ፍራንክ ስኖውደን ያስተማረው እዚያ ነው። ቋንቋውን ማንሣት በር ይከፍታል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በሩን ከፍቶ ቤቱን ባዶ ማድረግ ይመስለኛል። ድሃው ልጅ ትርጉም ይብቃው፣ ሀብታሙ ዋናውን ያንብብ የሚል ፍርድ አልወደድኩትም።

የቅኔ ቤት ልጅ

ዘአዱሊስ በእንቁጣጣሹ ነገር ተሳስተዋልና ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ዛሬ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ የሚውለው የአውሮፓ አቆጣጠር በ1582 ስለታረመ ነው። የሮም ወታደሮች ቪንዶላንዳ ላይ ሲኖሩ ይጠቀሙበት የነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር ነው፤ በእሱ ሲሰላ የእኛ አቆጣጠር የወረሰው የእስክንድርያው ዓመት የሚጀምረው ኦገስት 29 ቀን ነበር። ስለዚህ የሴትየዋ ልደት የሚውለው በእኛ ስሌት መስከረም 14 ላይ እንጂ በዘመን መለወጫ አይደለም። ይህን ያልኩት ወንድሜን ለማሳፈር አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት መያዝ ራሱ የጥንት ታሪክ ትምህርት ግማሹ ስለሆነ ነው።

ስለ ቋንቋው ደግሞ ልጅቷ አማርኛ የምትናገር ከሆነ ከምታስበው በላይ ስንቅ አላት። እኔ ከጎጃም ቅኔ ቤት ወጥቼ ጀርመን አገር ከመጣሁ በኋላ ግሪክኛ ስማር ባልደረቦቼን ያስለቀሳቸው ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም። የግሪክኛ ግሥ ከአድራጊና ከተደራጊ ሌላ መካከለኛ የሚባል ጠባይ አለው፤ ሰው በራሱ ላይ ወይም ለራሱ የሚያደርገውን የሚገልጽ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ለመረዳት ወር ይፈጅበታል፤ እኛ ግን «አጠበ» እና «ታጠበ» ብለን ያደግን ነን፤ ታጠበ ስንል ሌላ ሰው አጠበው ማለትም፣ ራሱ ገላውን ታጠበ ማለትም ይሆናል። ቅኔ ቤት አምስቱን አዕማድ (የግእዝ ግሥ ጠባዮች) ያወረደ ሰው የግሪክን ግሥ ሠንጠረዥ ሲያይ የጎረቤት ቤት የገባ ያህል ነው የሚሰማው። ተሳቢውም እንዲሁ ነው፤ ግእዝ «ንጉሥ» የሚለውን ተሳቢ ሲያደርገው «ንጉሠ» እንደሚል ላቲንም የቃሉን መጨረሻ ይለውጣል። የግሪክኛ መምህራኑ የሚሰጡት የንባብ ማብራሪያ ደግሞ ቃሉን ከፍቶ፣ ሌላ ፍቺ ካለ አምጥቶ፣ የቀደሙትን አስተያየት እያነጻጸረ ሲሄድ «አንድም» ማለት ብቻ ነው የቀረው።

በዚህ ላይ ግእዝ ብትጨምርበት ጥቂት ሰው ያለበት እርሻ ውስጥ ትገባለች። ስለ እንስሳት ምሳሌያዊ ትርጉም የሚናገረው ፊሳልጎስም፣ ቄርሎስ ከተባለው የሃይማኖት መጽሐፍ ብዙው ክፍልም ወደ ግእዝ የተመለሱት ከግሪክኛ ነው፤ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ከ፩ ጀምሮ የምንጽፋቸው አኃዞች እንኳ ከግሪክ ፊደላት የወጡ ናቸው። ሁለቱንም ወገን የሚያነብ ምሁር በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለው፤ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግእዝ ያስተምራል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ግን አትቸኩል፤ ግሪክኛዋን ታጥብቅ፣ ግእዙ ይደርሳል።

የሰሜን ለንደን አባት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ለልጄ አነበብኩላት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አቀላጥፋ አታነብም። የኢዛናን ነገር ስትሰማ ስልኳን አስቀመጠች። እናቷ ደግሞ ሕግ እንዳልተዘጋ ስትሰማ ፊቷ ተፈታ፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ጉዳይ አረጋግጠናል፣ ችግር የለበትም። አሁን የቀረን የማመልከቻው ጊዜ ነው፤ ኦክስፎርድንም ካምብሪጅንም ልሞክር ትላለች፣ ይቻላል ወይ? ከዚያ በፊት በክረምቱስ ምን ብታደርግ ይጠቅማታል?

ዘአዱሊስ

በመጀመሪያ የቅኔ ቤቱን ወንድሜን እርማት ተቀብያለሁ፤ አሥር ዓመት ሙሉ ያንን እንቁጣጣሽ ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖሬአለሁ፤ እግዚኦ!

ሁለቱን በአንድ ዓመት ማመልከት አይቻልም፤ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ አንዱን ብቻ ትመርጣለች። ማመልከቻው ዩካስ በተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ ተቀባይ ድርጅት በኩል የሚላክ ሲሆን አምስት ምርጫ ይፈቀድላታል። ከሁለቱ አንዱን ከመረጠች የ13ኛው ዓመት ትምህርቷ እንደ ተጀመረ፣ እስከ ኦክቶበር 15 መላክ አለባት፤ ለሌሎቹ ጊዜው እስከ ጃንዋሪ ነው። የግል መግለጫ ይባል የነበረው አንድ ወጥ ጽሑፍ አሁን በሦስት ጥያቄዎች ተተክቷል፤ የመጀመሪያው ይህን ትምህርት ለምን መረጥሽ የሚል ነው። እዚያ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ታሪክ እወዳለሁ» ብላ እንዳትጀምር፤ አንድ ጽሑፍ ወይም አንድ ዕቃ ይዛ ምን እንዳየችበት ትጻፍ።

ለክረምቱ ብዙ መጽሐፍ አትከምርባት። የግሪክን ፊደል ትቁጠር፤ ሃያ አራት ብቻ ስለሆነ ሁለት መቶ የሚያልፍ ፊደል ለቆጠረ ሕዝብ ልጅ የሳምንት ሥራ ነው። ቱሲዳይደስን በእንግሊዝኛ ከወረርሽኙ ክፍል ጀምራ ታንብብ። ከዚያ ብሪቲሽ ሙዚየም ትሂድ፤ መግቢያው ነጻ ነው። የቪንዶላንዳ ደብዳቤዎች የእዚያ ሙዚየም ንብረት ናቸው፤ የአክሱም ሳንቲሞችም አሉት። ከአክሱም የነሐስ ሳንቲሞች መካከል በግሪክኛ «ቱቶ አሬሴ ቴ ኾራ» የሚል የተቀረጸባቸው አሉ፤ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ማለት ነው። የሳንቲሙን ሥዕል በመረብ ላይ ፈልጋ ፊደሉን አንድ በአንድ ለማንበብ ትሞክር፤ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ፊደል የሚለይ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተጻፈ «ስ» ስላለበት እሱ እንዳያሳስታት። የት ላይ እንደተያዘች እዚህ ብትጽፉልኝ አግዛታለሁ።